የአንድ ብር ጨረቃ

«ራስ አይደለም ባክህ፣ ካርታ ነው!» አለ ከፊቷ የተቀመጠው ተማሪ፣ ስልኩን ወደ ጓደኛው አዘንብሎ። «ይኸውልህ ተራራው፤ ይኸውልህ ወንዙ። ይቺ ደግሞ ጨረቃዋ ናት።»

«የአሮጊት ራስ ነው እንጂ የምን ካርታ!» አለ ጓደኛው። «ዋጋውን አላየህም? ሦስት መቶ ሃያ ሺህ! ለመላጣ ይህን ያህል ከተከፈለማ አባቴ ሀብታም ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሚኒባሱ ገና ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አልወጣም፤ ረዳቱ ሁለት ሰው ጎድሎበት «ቡሬ! የሞላ ቡሬ!» እያለ በሩን በመዳፉ ይደበድባል። ያምሮትም በልጆቹ ቀልድ ፈገግ ብላ ነበር። ኋላ ልጁ ስልኩ ላይ ያለውን የሥዕል ማስታወቂያ በሁለት ጣቱ ዘርግቶ ሲያጎላው፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ባለው ክፍተት አሻግራ አየችውና ፈገግታዋ እፊቷ ላይ ደረቀ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በጨው ውሃ አጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቃ፣ ቆብ አልብሳው የመጣችው የእናቷ ራስ ነበር።

ያምሮት ዓይኗ አይሳሳትም። በገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን የእህል ጥራት መርማሪ ናት፤ ከየጆንያው የወጣውን በቆሎ ነጭ ሳህን ላይ ዘርግታ የነቀዘውን ከጤነኛው፣ የሻገተውን ከተሰበረው እየለየች አሥራ አራት ዓመት ኖራለች። አሁንም እንደ ሥራዋ አንድ በአንድ ለየችው። ቁስሉ ከቀኝ ጆሮ በላይ ነው፤ በፊት በኩል ሰፊ፣ ወደ ማጅራት ሲወርድ እንደ ጭልፋ እጀታ የሚቀጥን። ከበላዩ ሦስት ነጫጭ ፀጉሮች ለብቻቸው ቆመዋል። ከቁስሉ በስተግራ ልጁ ጨረቃ ያላት ክብ ነገር አለች። ከታች ጥግ ላይ ደግሞ ራሱን ደግፎ የያዘ አውራ ጣት ይታያል፤ ጥፍሩ ከመሐል ለሁለት የተሰነጠቀ። ያምሮት ግራ እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና አውራ ጣቷን አየችው። ከሁለት ዓመት በፊት ሚዛን የቀጠቀጠው ጥፍር እስከ ዛሬ አልገጠመም።

ጉልበቷ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ የሁለት ሊትር ፕላስቲክ ነበር፤ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ዕለት የተቀዳ ጸበል። የላኩት እናቷ እማሆይ ወለተጊዮርጊስ ናቸው። ወንድሟ ዘሚካኤል አዲስ አበባ የሚኖር ሰዓሊ ነው፤ በዚህ ሳምንት ቡሬ በተከፈተው ጋለሪ ሥራዎቹን ያሳያል፤ ለእህቱም ደውሎ «ቅዳሜ እንዳትቀሪ» ብሏታል። እማሆይ ሰዓሊ ሲባል የሚያውቁት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሥለውን ብቻ ስለሆነ፣ በስለት ያገኙት ልጃቸው ቅዱሳንን እየሣለ የሚኖር ይመስላቸዋል። ማንም አላረማቸውም። ጠዋት ፕላስቲኩን ሲያስይዟት «ሥራውን ሁሉ እርጪለት» ነበር ያሏት። «ከጫፍ እስከ ጫፍ። አንዱንም እንዳታልፊው።»

ሥዕሉ የተቀዳበት ፎቶ የተነሣው ከስምንት ወር በፊት፣ ኔትወርክ በተመለሰበት ሰሞን ነው። እማሆይ ባላቸው ሞተው ከመነኮሱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በእነዚያ ዓመታት ካህንም ሆነ ዘመድ ራሳቸውን ያለ ቆብ አላየውም። ቁስሉ ሲወጣ ያምሮት ለምና ለምና ሆስፒታል ወስዳቸው ነበር፤ ከሐኪሙ በር ላይ ሲደርሱ ሐኪሙ ጎልማሳ ወንድ መሆኑን አይተው «እኔስ እዚህ ድረስ መምጣቴም በዝቷል» ብለው ተመለሱ። ይኼኔ ነው ዘሚካኤል በስልክ መላ የመታው። የቆዳ ሐኪም ጓደኛ አለኝ፤ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ መጠኑ እንዲታወቅ ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጪ አላት። እማሆይ ሁለት ሳምንት አሰቡበት፤ የንስሐ አባታቸውንም ጠየቁ፤ «ለሐኪም የሚታይ እንደ ንስሐ ነው፤ ታይቶ ይቀበራል» ሲባሉ እሺ አሉ፤ ግን ሐኪሙ እንዳየው እንድታጠፋው ልጃቸውን በሚካኤል አስማሏት። ያምሮት በአንድ እጇ ራሳቸውን ደግፋ፣ በሌላው ስልኩን ይዛ አነሣችው። ከቁስሉ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ከዘሚካኤል መልስ መጣ፤ «ሐኪሙ አይቶታል። ጠዋትና ማታ በጨው ውሃ እጠቢው ብሏል።» ያን ዕለት ማታ እማሆይ እያዩ ፎቶውን አጠፋችው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን መታጠቡ አልታጎለም።

ከማንኩሳ ወዲያ ያለው ኬላ ላይ ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ተሰለፈ። ፈታሹ ገና ጢም ያላወጣ ወጣት ነው፤ ፌስታሉን ከፍቶ ፕላስቲኩን በፀሐይ አየው። «ይኼ ምንድን ነው?»

«የሚካኤል ጸበል ነው።»

ልጁ ክዳኑን ሊከፍት የሰደደውን እጅ ሰበሰበና ጣቱን በግንባሩ አስነካ፤ ፕላስቲኩንም በሁለት እጁ መለሰላት። «ለኔም ጸልዪልኝ እታለም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ወዲያው ወደሚቀጥለው ሰው ዞሮ ጮኸበት።

ያምሮት ከኬላው እስከ ቡሬ አንድ ነገር ስታሰላ ሄደች። ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ ለሌላ ሰው ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ስልክ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰዓሊ፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ መንገድ። የተበላሸ ናሙና ሲገጥማት ሁልጊዜ የምታደርገው ነው፤ ጆንያውን ከመጣሏ በፊት ከሌላ ጥግ ደግማ ትቀዳለች፤ ምናልባት መጥፎው እላዩ ላይ ብቻ ይሆናል ብላ። ቡሬ ወርዳ ባጃጅ ይዛ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር እስክትደርስ ድረስ ወንድሟን የምታወጣበት አንድ መንገድ ፈልጋለች።

ጋለሪው የበርበሬ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ፊቱን በመስታወት ገጥመውታል፤ ከበላዩ «ጥቁር አፈር የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ጋለሪ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ከጎኑ ያለው መጋዘን ግን እንደ ጥንቱ ነው፤ ወዛደሮች ጀርባቸው በበቆሎ ዱቄት ነጥቶ ጆንያ ይጭናሉ፤ ከጋለሪው በር የቆሙትን አዳዲስ መኪናዎች እያዩ ይቀላለዳሉ። በሩ ላይ የወታደር ካፖርት የለበሱ፣ ከሽንዲ በኩል የመጡ ጠባቂ ተቀምጠዋል፤ ሰው ሁሉ አያ ደረሰ ይላቸዋል።

«ጥሪ አለሽ ልጄ?» አሏት።

«የሰዓሊው እህት ነኝ አያ።»

«እንዴ! እንዴት ዋልሽ? ግቢ እንጂ!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እኔስ ሦስት ቀን ሙሉ አየሁት፤ ምኑም አልገባኝ። ብቻ ያስነጥሳል።»

እውነታቸውን ነበር። ግድግዳው ሦስት እጅ ኖራ ቢቀባም በርበሬው ከስንጥቁ አልወጣም፤ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ቀጥሎ ዙሪያውን ያያል። ክፍሉ ርዝመቱ አሥራ አራት፣ ወርዱ ስድስት እርምጃ ይሆናል። ሠላሳ ያህል ሰው አለ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ አስኪያጆች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የባንክ ሰዎች፣ ሁለት ሦስት ባለሆቴሎች። ጥግ ላይ ለስላሳና ኩኪስ የተደረደረበት ጠረጴዛ አለ። ሥዕሎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከላያቸው መብራት አላቸው፤ ከጎናቸው ቁጥርና ዋጋ ያለበት ካርድ ተለጥፏል። ያምሮት ከአንድ ጀምራ በተራ ሄደች። ቁጥር አንድ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ መቶ ሰማንያ ሺህ ብር። ቁጥር ሁለት መቁጠሪያ የያዘ እጅ፣ ሁለት መቶ አሥር ሺህ። ቁጥር ሦስት የጎበጠ ትከሻ። ቁጥር አራት ጥርስ የሌለው የተከፈተ አፍ፤ በእንቅልፍ። ይኼኔ ነው ባለፈው ፋሲካ ዘሚካኤል ሦስት ቀን ሰንብቶ፣ እናቱ ሲያሸልቡ ከአልጋቸው ግርጌ በርጩማ ስቦ የተቀመጠው ትዝ ያላት። እናቱን ናፍቆ መስሏት ነበር። እንዳይረበሹ ብላም በሩን በቀስታ ዘግታ ወጥታለች። እናቷ እንደ ቅርጫ ሥጋ በመደብ በመደብ ተከፍለው ተሰቅለዋል፤ መዳፍ ለብቻ፣ አንገት ለብቻ፣ እያንዳንዱ ከነዋጋው።

ቁጥር ሰባት ከሁሉም ትልቁ ነበር፤ ከእሷ ቁመት ይበልጣል። ከፊቱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው የጋለሪው ባለቤት ፀጋው ነው፤ ጥቁር በጥቁር የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ የአዲስ አበባ ሰው። ሌላው በእህል ንግድ የታወቁት፣ መገንጠያው ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል እየጨረሱ ያሉት አቶ አለበል ናቸው።

«መስታወት ያልተደረገበት ሆን ተብሎ ነው» ይላል ፀጋው። «ከሰልና የጎጃም አፈር ነው፣ ወረቀት ላይ። ማጣበቂያ እንኳ የለውም። አንድ ጠብታ ውሃ ቢነካው ያልቅለታል። ውበቱ እሱ ነው አቶ አለበል፤ አላፊነቱ።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ በሚያስነጥስበት ቤት ሰቀላችሁት?» አሉ አቶ አለበል።

ፀጋው ሳቀ። «እርስዎ እንግዳ መቀበያዎ ውስጥ ሲሰቅሉት መስታወት እንገጥምልዎታለን።»

«ከሶፋው ቀለም ጋርስ ይሄዳል። ጨረቃዋ ግን ምንድን ናት?»

«ጨረቃዋ ብቸኝነት ናት። እርጅና መሬት ነው፤ ቁስሉ ታሪክ ነው፤ ጨረቃዋ ደግሞ ከሩቅ የምታይ፣ የማትደርስ...»

«አንድ ብር ነው» አለች ያምሮት ከኋላቸው።

ዞር አሉ። ፀጋው ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ የአገር ልብሷን፣ ፌስታሏን። «ሦስት መቶ ሃያ ሺህ ነው የኔ እህት» አላት በትሕትና።

«ዋጋውን አላልኩም። ጨረቃ ያልካት የአንድ ብር ሳንቲም ናት። ያስቀመጥኳትም እኔ ነኝ። ይኼም የኔ ጣት ነው።» አውራ ጣቷን አነሣችና ከሥዕሉ ጥግ አጠገብ አቆመችው።

አቶ አለበል መነጽራቸውን አውልቀው ጣቷን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ፣ እንደገና ጣቷን አዩ። «እውነትም እኮ!» አሉ። ፀጋው ግን ፊቱ በርቶ ነበር፤ «የሰዓሊው እህት ነሽ? ይኼማ ብቻውን ታሪክ ነው! እባክሽ እንደዚያው ቁሚልኝ፣ አትንቀሳቀሺ» ብሎ ስልኩን ደገነ። ያምሮት እጇን ነጠላዋ ሥር ከተተች። ካርዱ ላይ፣ ከዋጋው ጎን፣ ትንሽ ቀይ ነጥብ ተለጥፎ አየች።

ዘሚካኤል ከወዲያ ማዶ አይቷት እየሳቀ መጣ። አቅፎ ሊስማት ጎንበስ ሲል ጉንጯን አልሰጠችውም። ከልጅነቷ ጀምሮ «አያ» ነበር የምትለው፤ አራት ዓመት ይበልጣታል። አሁን «ዘሚካኤል፣ ና» አለችውና ቀድማው ባዶ ፍሬሞች ወደተደገፉባት ኋለኛ ክፍል ገባች። በሩን ዘጋው። ከጎረቤት መጋዘን የጆንያ ዱብ ዱብታ ይሰማል።

«ሐኪሙ ማን ይባላል?» አለችው።

«የቱ ሐኪም?»

ከመጋዘኗ ሥራ የምታውቀው ነገር ነው፤ አንዳንድ ጆንያ መመርመር አያስፈልገውም፣ ሲከፈት ይሸታል። ዘሚካኤልም ያለውን ወዲያው ሰማውና ዓይኑን ወደ ፍሬሞቹ አዞረ። ለሐኪሙ ሊደውል እንደነበር ነገራት። ፎቶውን ሲከፍተው ግን ሌላ ነገር እንዳየበት፣ ሌሊቱን መሥራት እንደጀመረ፣ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ሐኪሙን ማሰቡ እንደቀረ፣ ሲያስታውሰው ጊዜው ሄዶ እንዳፈረ ነገራት። አወራሩ እንደተጠና ነበር፤ ምናልባት ለራሱ ብዙ ጊዜ ብሎታል።

«የጨው ውሃውስ?»

«ጨው ለቁስል ምን ይጎዳል? ልጆች ሳለን እሷ ራሷ በጨው አልነበር የምታጥበን?»

«ስምንት ወር» አለች ያምሮት። «ስምንት ወር ሙሉ ጨው ነሰነስኩባቸው። ሲያማቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ‹ሐኪሙ ያለው ነው፣ እጠቢው› ይሉኛል። አንተ የሣልከው ትንሹን ነው። ዛሬ ያችን ሳንቲም ብታስቀምጥበት ከነጠርዟ ትገባለች።»

«ያምሬ፣ ስሚኝ» አላት። «ስሟ የለበት፣ ፊቷ የለበት። ማንም አያውቃትም። ደግሞም ከሚሸጠው ግማሹን ለሷ ሕክምና ነው ያሰብኩት። ለእናታችን እኮ ነው።»

«እናታችንን ሸጠህ እናታችንን ልታሳክም?»

«አትጩኺ፤ ሰው አለ።»

«ሰው እንዳለማ አየሁ። ቆባቸውን ያወለቁት ለአንድ ሐኪም ነበር። አውርደው።»

«ተሸጧል። ቀዩን ነጥብ አላየሽም?» አላት፤ ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ሊደብቀው ያልቻለው ደስታ ነበር። የያምሮትን ቁጣ የቆረጠው ያ ደስታ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልትጮህ፣ ልታለቅስ፣ ነጠላዋን ልትቀድ ትችል ነበር። አሁን ውስጧ እንደ ሚዛን ቀጥ አለ። ፌስታሉን ከእጅ እጅ አዛወረችና በሩን ራሷ ከፈተች።

ፀጋው ሰዉን ሰብስቦ ንግግር ጀምሯል። ቡሬ የእህል ብቻ ሳትሆን የጥበብም መገናኛ እንደምትሆን ተናገረ፤ ተጨበጨበ፤ ሁለት ሰው አስነጠሰ። ቀጥሎ ሰዓሊውን ጋበዘ። ዘሚካኤል ስለ እናትነት፣ ስለ አፈርና ስለ መሸከም ጥቂት ቃል ተናገረ። እሱ ሲጨርስ ያምሮት ከቁጥር ሰባት ፊት ቆማ፣ ከፌስታሉ ያወጣችውን ፕላስቲክ ይዛ ነበር።

«አንድ መልእክት አለኝ» አለች። ድምፅ ማጉያ አልያዘችም፤ በመጋዘን ማሽን ላይ መናገር የለመደ ድምፅ ነው። «እናታችን እማሆይ ወለተጊዮርጊስ በአሥራ ሁለት የተቀዳ የሚካኤል ጸበል ልከዋል። የልጄን ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ እርጪልኝ ብለዋል።»

አንድ የባንክ ሰው የያዘውን ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ሴቶቹ ነጠላቸውንና ሻርፓቸውን ራሳቸው ላይ ሳቡ፤ አቶ አለበል ቆባቸውን አወለቁ፤ አያ ደረሰ ከበሩ ገባ ብለው ባዶ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ዘሚካኤልም ጎንበስ አለ። ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር፤ እህቱ የታረቀችው መስሎታል። ያምሮት ክዳኑን ከፍታ በመዳፏ ቀዳችና መጀመሪያ ሰዉን ረጨች፤ ለመቀበል አንገቱን ያሰገገም ነበር። ሁለተኛ ወለሉን ረጨች። በሦስተኛው ፕላስቲኩን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሣችና የቀረውን በሥዕሉ አናት ላይ ገለበጠችው።

ውሃው መጀመሪያ የላይኛውን ጠርዝ ይዞ ለጥቂት ቆመ፤ ቀጥሎ በአምስት በስድስት ቦታ ፈረጠ። ሦስቱ ፀጉሮች መጀመሪያ ሄዱ። ከሰሉ እየተንጠባጠበ ቁስሉ ውስጥ ገባ፤ ቁስሉ ሰፋ፣ ቀላ፣ ከዚያ እንደ ጎርፍ ውሃ ደፈረሰና ወደ ታች ተናደ። ጨረቃዋ ትንሽ ታገለች፤ እንደ ቅቤ ቀለጠችና ጅራት አውጥታ ወረደች። ክፍሉ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው እርሻ ሸተተ። ነጩ ወለል ላይ ቡናማ ኩሬ እየሰፋ ወደ ፀጋው ጫማ ሄደ።

«ያዟት!» ብሎ ጮኸ ፀጋው። «ደረሰ! ምን ቆመህ ታያለህ? ያዛት እንጂ!»

አያ ደረሰ አንድ እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። «ጸበል ነው እኮ ጌታዬ» አሉ። «በጸበል ላይ እጄን አላነሣም።»

«ፖሊስ ጥሩ!»

«ምን ብለህ ልትከሳት ነው?» አሉ አቶ አለበል። «ጸበል ረጨች ብለህ?» ወደ ያምሮት ዞረው «መነኩሴ ናቸው?» ብለው ጠየቋት።

«አሥራ አንድ ዓመታቸው።»

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ። ከካርዱ ላይ ቀዩን ነጥብ በጥፍራቸው ላጡት፤ በሁለት ጣታቸው መካከል አድቦልቡለው የት እንደሚጥሉት ጠፍቷቸው ኪሳቸው ከተቱትና ቆባቸውን ሳያጠልቁ ወጡ።

ዘሚካኤል ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። እጆቹ ተንጠልጥለዋል። «ስምንት ወር ነው የሠራሁት» አለ፤ ለማንም አይደለም።

«እኔም ስምንት ወር ነው ያጠብኩት» አለችው።

ከመውጣቷ በፊት አንድ ጊዜ ዞራ አየችው። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች አፈር የወረደበት ባዶ ሆኗል። ውሃው ሳይደርስበት የቀረው የታችኛው ጥግ ብቻ ነው፤ ጥፍሩ የተሰነጠቀ አውራ ጣት፣ ምንም ሳይደግፍ። በሩ ላይ አያ ደረሰ መንገድ ለቀቁላትና «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» አሉ ለራሳቸው።

በመልሱ መንገድ ስልኳ አራት ጊዜ ጠራ፤ «አያ ዘሚካኤል» እያለ። አላነሣችውም፤ ስሙንም አልቀየረችውም። ፍኖተ ሰላም ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። እማሆይ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ ከመስኮቱ የሚገባው ጀምበር ግማሽ ፊታቸውን ይዟል። ያምሮት ውሃ አፍልታ አቀዘቀዘች፤ ጨው አልጨመረችም። በሩን ዘግታ፣ መጋረጃውን ስባ፣ ቆባቸውን በሁለት እጇ አወለቀችላቸው። ከቦርሳዋ የአንድ ብር ሳንቲም አወጣች፤ ሳታስነካ ከቁስሉ በላይ ያዘችው። ቁስሉ በዙሪያዋ ሁሉ ተረፋት። ሳንቲሟን ኪሷ ከተተች።

«ዛሬ አላቃጠለኝም» አሉ እማሆይ።

«ጨው የለውም። እማሆይ፣ ሰኞ ባሕር ዳር እንሄዳለን። ሴት የቆዳ ሐኪም እፈልግልዎታለሁ።»

«ያ የዘሚካኤል ሐኪም አይቶት የለም ወይ?»

ያምሮት ጨርቁን ጨመቀች። ከጎጆው ውጭ ባጃጅ አለፈ። ጨርቁን ዘርግታ እንደገና ጨመቀችው፤ የሚወርድ ውሃ አልነበረውም። «ይቺኛዋም ትየው» አለች።

«ስንት ሰው ይየኝ ልጄ?» አሉ እማሆይ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጥሩን ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁት።

ያምሮት አደረቀችላቸው፤ ቆባቸውን አጠለቀችላቸው፤ ጠርዙን ከጆሯቸው በታች አስተካከለች። እማሆይ ቆባቸው ሲመለስ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

«ረጨሽለት?»

«ረጨሁለት።»

«ምን አለሽ?»

«ምንም አላለም።»

«ደስ ሲለው ዝም ማለት ነበር ከልጅነቱም» አሉና ፈገግ አሉ። «ጸበሉ ሁሉንም አዳረሰው?»

«አንዱን ብቻ ነው ያዳረሰው፤ ትልቁን።»

«ምን ገዶን! ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሌላ እናስቀዳለታለን። ስንት ነው የቀረው?»

«ስምንት» አለች ያምሮት።